ባሉን በመስቃን ሰማይ፦ «ዛሬ በረራ የለም» የሚለው ማን ነው?

የሙቅ አየር ባሉን ወድቆ ሰው ሞተ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ወሬው ሁሉ ወደ እሳቱና ወደ ከፍታው ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 በደቡብ ብራዚል፣ ፕራያ ግራንዴ በተባለች ከተማ 21 ሰዎች የያዘ ባሉን አየር ላይ ተቀጣጥሎ 8ቱ ሲሞቱ ብዙ ሰው ያለው ይኸንኑ ነው፤ እሳት ከራስ በላይ አንድዶ ሰማይ መውጣት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እ.ኤ.አ. የካቲት 2013 ግብፅ፣ ሉክሶር ላይ ጋዝ አፈትልኮ 19 ሰዎች ባለቁ ጊዜም በየቴሌቪዥኑ የታየው ያው ነበልባል ነበር።

እሳቱ እውነት ነው። ከእሳቱ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል። በባሉን ታሪክ ሕይወት የቀጠፉ አደጋዎች ሲመረመሩ ደጋግመው የሚወጡት ነፋስ፣ ጉም፣ ወጀብና የመብራት ሽቦ ናቸው። ከእነዚህም በስተጀርባ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ የተሰጠ አንድ ውሳኔ አለ፤ እንነሣ ወይስ እንቅር? ስለዚህ «ባሉን አስተማማኝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። የሚጠቅመው ጥያቄ «አትነሡም» የማለት ሥልጣን የማን ነው፣ ያ ሰው እንዲያ በማለቱ ገንዘብ ያጣል ወይስ አያጣም የሚለው ነው።

ጥያቄው በጉራጌ አገር ላሉት ለመስቃንና ለቡታጅራ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ አቢሲኒያ ባሉኒንግ የተባለ ድርጅት ጎብኚዎችን በባሉን ሲያሳፍር ታይቷል። በኬንያ ማሳይ ማራ የባሉን ሳፋሪ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኗል። ከአዲስ አበባ በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ የሆነው የቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ከላይ ቢታይ የሚያስደስት አገር ነው። በምዕራብ ዘቢዳር ተራራ፣ በደቡብ ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐረ ሸይጣን ሐይቅ፣ በሰሜን በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች፣ በምሥራቅ ቁልቁል እስከ ዝዋይ ሐይቅ የሚዘረጋው ሜዳ። ቱሪዝም የሚፈልግ ዞንና ትርፍ የሚፈልግ ባለሀብት አንድ ቀን በዚህ ጉዳይ መገናኘታቸው አይቀርም። የዚህ ሐተታ አቋም ግልጽ ነው፤ መስቃን ለባሉን ሊመች ይችላል፣ ነገር ግን ከባሉኑ በፊት የነፋሱ መዝገብና «አይሆንም» የሚል ገለልተኛ አካል መቅደም አለባቸው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባይጀመር ይሻላል።

ቅርጫቱ ውስጥ ነፋስ አይሰማም

ባሉን መሪ የለውም። አብራሪው የሚያዝዘው መውጣትና መውረድን ብቻ ነው። ጋዙን ለኩሶ አየሩን ሲያሞቅ ይወጣል፤ ሲያቀዝቅዘው ወይም ከፊኛው አናት ሲያስተነፍሰው ይወርዳል። ወደ ጎን መሄድ ከፈለገ ወደሚፈልገው አቅጣጫ የሚነፍስ የአየር ንብርብር እስኪያገኝ ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲሊንደሮቹ የሚይዙት ጋዝ ደግሞ ለተለመደው የአንድ ሰዓት ያህል ጉዞና ለጥቂት መጠባበቂያ የሚበቃ ነው። አውሮፕላን አየሩ ሲከፋበት ዞሮ ሌላ ከተማ ሊያርፍ ይችላል። ባሉን ያ ዕድል የለውም፤ ነፋሱ በወሰደው ሜዳ፣ ጋዙ በፈቀደለት ሰዓት ያርፋል። በዚህም የተነሣ የሚነሣበት ሰዓት አየር ጥሩ መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም። ጥሩ መሆን ያለበት የሚያርፍበት ሰዓት አየር ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ባሉን ከነፋሱ ጋር እኩል ስለሚሄድ ቅርጫቱ ውስጥ ላለ ሰው ነፋስ አይሰማውም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተወሰደ ነጠላው እንኳን አይርገበገብም። ጎብኚው በጸጥታው ተደስቶ ፎቶ ያነሣል። ፍጥነቱን የሚያውቀው መሬት ሲቀርብ፣ ዛፉና አጥሩ ወደ እሱ ሲሮጡ ነው። አብራሪው «ካሜራችሁን አስገቡ፣ ጀርባችሁን ወደምንሄድበት አዙሩ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ገመዱን ያዙ» ይላል። ነፋሱ ለስላሳ ከሆነ ቅርጫቱ ቁጭ ይላል፣ ሰውም እየሳቀ ይወርዳል። ነፋሱ ከበረታ ግን ቅርጫቱ በጎኑ ይወድቅና ያልተነፈሰው ፊኛ እንደ ሸራ እየጎተተ በድንጋይና በእርሻ ላይ ይወስደዋል። የግጭት ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 9 እጥፍ ይሆናል። ብዙ አብራሪዎች የመሬት ነፋስ በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ አለመነሣትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የባሉን መዲና በምትባለው የቱርክ ቀጰዶቅያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ሁለት ስፔናውያን ጎብኚዎች የሞቱት ባሉኑ ሊያርፍ ሲል በመጣ ድንገተኛ ነፋስ ነው። ሉክሶር ላይም እ.ኤ.አ. ጥር 2018 አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጎብኚ የሞተው ነፋስ ባሉኑን ከመንገዱ አስወጥቶ ከጣለው በኋላ ነበር። በሁለቱም ቦታዎች የባሉን ሥራ የዓመታት ልምድ ያለው ነው።

«ታዲያ በገመድ አስረን ብናነሣውስ?» የሚል ሐሳብ በእንዲህ ያለ ውይይት ሁሉ ይመጣል። የታሰረ ባሉን ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሰዓጢ በተባለ ሥፍራ ሰፍረው ሳለ በገመድ የታሰረ የጦር ባሉን ለቅኝት ያነሡ ነበር። ለጎብኚ ግን መታሰር ደኅንነት ይመስላል እንጂ አይደለም። ነጻ ባሉን ከነፋሱ ጋር ስለሚሄድ በአየር ላይ ሳለ አይገፋም። የታሰረ የሙቅ አየር ባሉን ግን ባለበት ቆሞ ነፋሱን ሁሉ በሰውነቱ ይቀበላል፤ ፊኛው ይጎብጣል፣ ቅርጫቱ ይወዛወዛል፣ ነበልባሉ ወደ ጨርቁ ይጠጋል። ስለዚህ ለታሰረ ባሉን የሚፈቀደው የነፋስ ልክ ለነጻው ከሚፈቀደው ያነሰ ነው። በበዓል ቀን፣ በከተማ ስታዲየም ውስጥ፣ ረፋድ ላይ ልጆችን በታሰረ ባሉን ማንሣት በማለዳ በሜዳ ላይ ከመብረር ይልቅ ሊከፋ ይችላል።

ማለዳ ብቻውን ዋስትና አይደለም

ባሉን በማለዳ የሚነሣበት ምክንያት የታወቀ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ መፍላት ይጀምራል፣ ነፋሱም ይነቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ከ2 ሰዓት በፊት ያረፈ ባሉን ይህንን ብጥብጥ ይቀድመዋል። «ማለዳ ከሆነ ችግር የለም» የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት አደጋዎች ግን እምነቱን ያፈርሱታል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2012 በስሎቬኒያ ዋና ከተማ ልዩብልያና አቅራቢያ የደረሰው ነው። 32 ሰዎች የያዘ ባሉን በማለዳ ተነሣ። ሊያርፍ ሲሞክር የነጎድጓድ ወጀብ የላከው ነፋስ መታው፤ ዛፍ ላይ ተጋጭቶ ተቃጠለ፣ 6 ሰዎችም ሞቱ። እዚህ ላይ እሳቱ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ መነሻው ወጀቡ ነበር። የነጎድጓድ ደመና ሲዘንብ ከሆዱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ሲደርስ በየአቅጣጫው ይፈስሳል፤ ከዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለን ባሉን ሊመታ ይችላል። ተራራው ላይ ደመና አይቶ «እዚህ ገና አልደረሰም» ማለት በባሉን ሥራ ትርጉም የሌለው ማጽናኛ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2016 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሎክሃርት አጠገብ የደረሰውና አብራሪውን ጨምሮ የተሳፈሩትን 16 ሰዎች በሙሉ የገደለው ነው። በዚያ ማለዳ ነፋስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ጉምና ዝቅ ያለ ደመና ነበር። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ወደ አየር ሁኔታ አገልግሎት ደውሎ ነበር። በምርመራው ሰነድ እንደተመዘገበው፣ ገለጻ የሰጠው ባለሙያ ደመናው ችግር ሊሆንበት እንደሚችል ሲነግረው፣ በመካከሉ ቀዳዳ ፈልገው እንደሚበሩ መለሰ። ከደመናው በላይ ሆኖ ከበረረ በኋላ መሬቱን ሳያይ ሲወርድ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ሽቦ ላይ አረፈ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናው ምክንያት በዚያ አየር ለመብረር የተሰጠው ውሳኔ ነው አለ። አብራሪው ፍርድን የሚያዛቡ መድኃኒቶች ይወስድ እንደነበር፣ ሕጉም የባሉን አብራሪዎችን የጤና ማረጋገጫ እንደማይጠይቅ ቦርዱ አክሎ አመለከተ። ሕጉ የተስተካከለው ከ6 ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ የሚያስጨንቀው በመረጃ እጦት የመጣ ባለመሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፤ አብራሪውም ሰምቷል። የጎደለው ማስጠንቀቂያውን ወደ እገዳ የሚለውጥ ሁለተኛ ሰው ነበር።

ከዘቢዳር እስከ ዝዋይ

ወደ መስቃን እንመለስ። ከዘቢዳር አናት፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ካለው ደጋ፣ ቡታጅራ እስካለችበት 2,100 ሜትር ገደማ፣ ከዚያም በእንሴኖና በማረቆ በኩል 1,640 ሜትር ገደማ ላይ እስከሚገኘው ዝዋይ ሐይቅ ድረስ አገሩ ይወርዳል። በአጭር ርቀት ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ መልክዓ ምድር የራሱን ነፋስ ይሠራል። በጠራ የበጋ ሌሊት የደጋው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በማለዳ ቡታጅራ ላይ ፊትን የሚቆርጠው ብርድ ከተራራው የሚወርድ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሞ ቁልቁለቱ ይሞቅና አየሩ ተመልሶ ሽቅብ ይሄዳል። ከሁለቱ በላይ የበጋው የምሥራቅ ነፋስ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ይነፍሳል።

ለባሉን አብራሪ ይህ በአንድ በኩል ምኞት ነው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ በተራራ ሥር የተኛችው አልበከርኪ እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረውንና አሁን በየጥቅምቱ የሚካሄደውን የዓለም ትልቁን የባሉን በዓል የምታስተናግደው እንዲህ ባለ የነፋስ ንብርብር ምክንያት ነው። ዝቅ ብሎ በአንድ አቅጣጫ መሄድ፣ ከፍ ብሎ በተቃራኒው መመለስ፣ አንዳንድ ቀን ከተነሡበት አጠገብ ማረፍ ይቻላል። በሌላ በኩል ሁለት ነፋሶች የሚላተሙበት ድንበር አየሩን ይበጠብጠዋል፤ ባሉኑ ያንን ድንበር ሲያቋርጥ ፊኛው ሊጨማደድና አብራሪው ሳያዝዘው ሊወርድ ይችላል። ከተራራ ጫፍ አልፎ ወደ ማዶ የሚወርድ ብርቱ ነፋስም በተራራው ሥር ይሽከረከራል። በዚያችው አልበከርኪ፣ ልምዱም መሣሪያውም ባለበት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 አንድ ባሉን የመብራት ሽቦ ነክቶ 5 ሰዎች ሞተዋል። ከቡታጅራ በየአቅጣጫው በሚወጡት መንገዶች ዳር በእንጨት ምሰሶ የተሰቀለው ቀጭን ሽቦ ከአየር ላይ ሲታይ ከመንገዱ ጋር ይመሳሰላል፤ አብራሪ በማያውቀው አገር ሽቦውን ከማየቱ በፊት ምሰሶውን መፈለግ ይማራል።

ከፍታው ራሱም ሒሳብ አለው። 3,000 ሜትር ኩብ አየር የሚይዝ ፊኛ እንውሰድ፤ ውስጡ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ውጪው 10 ዲግሪ ይሁን። በባሕር ወለል ደረጃ ይህ ፊኛ 900 ኪሎ ግራም ያህል ያነሣል። በቡታጅራ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚያነሣው 700 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ረፍዶ ውጪው 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 600 ይወርዳል። ከዚህም ላይ ፊኛው ራሱ፣ ቅርጫቱ፣ ማንደጃውና የጋዝ ሲሊንደሮቹ ይቀነሳሉ። ስለዚህ ቆላ አገር ላይ በተለመደው የሰው ቁጥር ቡታጅራ ላይ መነሣት አይቻልም፤ «ትንሽ ይርፈድና ጉሙ ሲገፍ እንነሣ» ማለትም አንድ ወፍራም ጎብኚን ከነካሜራው መሬት ላይ ትቶ መሄድን ይጠይቃል። የማይተውት ከሆነ የጎደለውን ጉልበት የሚሸፍነው ከመጠን በላይ የሚነድ ጋዝ ነው።

ወቅቱንም ማየት ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ ነው፣ ለዚህ አካባቢም የበልግ ዝናብ የዋዛ አይደለም። የሚቀረው በጋ ነው። በበጋውም ቢሆን በኅዳር ጤፉ ገና ከማሳ አልተነሣም፣ በርበሬውም እየተለቀመ ነው። ባሉን የሚያርፈው በተቀጠረለት ሜዳ ሳይሆን ነፋሱ ባወረደው ገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ባሉኑን ሊያይ ደግሞ ሰው ግር ብሎ ይመጣል። ልጆች ገና ያልቀዘቀዘ ማንደጃ ሊነኩ፣ ሊያግዝ ገመድ የጨበጠ ጎልማሳም ባሉኑ መልሶ ሲነሣ አብሮ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲደመር መስቃን ላይ ለባሉን የሚሆነው ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ነፋሱ የፈቀደው ቀን ብቻ።

የጎብኚው ወቅት ግን ሌላ ነው። ጉራጌ አገር ሰው የሚሞላው በመስቀል ነው። የአዲስ አበባው ነጋዴ፣ ከውጭ አገር የመጣው ልጅ፣ እንግዳ ይዞ የሚመጣው ወዳጅ ሁሉ በመስከረም አጋማሽ ይገባል፤ ኪሱም የሚፈታው ያኔ ነው። መስከረም 17 ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ገና ከመሬት ያልለቀቀበት፣ በማለዳ ጉም የሚተኛበት፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ነጎድጓድ የሚሰማበት ጊዜ ነው። የገበያው ቀንና የሰማዩ ቀን አይገጥሙም። ባለባሉኑ ላይ ትልቁ ግፊት የሚመጣው በማይበረርበት ሳምንት ነው።

ክርክሩና ሚዛኑ

«አይሆንም» የሚል ገለልተኛ አካል ይኑር በሚለው ሐሳብ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአብራሪዎች የሚመጣ ነው። ሰማዩን የሚያውቀው በቅርጫቱ ውስጥ የሚቆመው ሰው ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያለው የአቪዬሽን ሕግም የመጨረሻውን ኃላፊነት ለአብራሪው ይሰጣል፤ ቢሮ የተቀመጠ ሹም ስለ ንጋት ነፋስ ምን ያውቃል ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሙያን ያልተረዳ ቁጥጥር ወረቀት ከማብዛት አያልፍም። ነገር ግን የሎክሃርት አብራሪም ልምድ ነበረው። ልምድ ደጋግሞ ከአደጋ በማምለጥም ይገነባል፤ ያመለጠ ሰው አምልጦ እንደነበር ላያውቅ ይችላል። ገንዘቡም አለ። ማሳይ ማራ ላይ አንድ ተሳፋሪ ለአንድ ሰዓት በረራ ከ400 ዶላር በላይ ይከፍላል። 8 ሰው የያዘ ቅርጫት አንድ ማለዳ ቀረ ማለት ከ3,200 ዶላር በላይ ቀረ ማለት ነው። ያንን ኪሣራ የሚሸከመው ሰው ብቻውን ዳኛ ሲሆን በጎ ሰውም ቢሆን ደመናውን ሳሳ አድርጎ ያየዋል።

ቀጰዶቅያ ይህን የፈታችበት መንገድ ቀላል ነው። በአንድ ማለዳ ከ100 በላይ ባሉኖች በሚነሡበት በዚያ አገር እንነሣ አንነሣ የሚለውን የሚወስነው ባለድርጅቱ አይደለም። በሲቪል አቪዬሽኑ ሥር ያለ ማዕከል የነፋሱን መረጃ አይቶ ባንዲራ ያወጣል፤ አረንጓዴ ከሆነ ይበረራል፣ ቢጫ ከሆነ ይጠበቃል፣ ቀይ ከሆነ ሁሉም ይቀራል። በቀይ ቀን ተፎካካሪው በርሮ እኔ ቀረሁ የሚል የለም። የአብራሪው ሥልጣንም አልተነካም፤ አረንጓዴ ወጥቶም አብራሪው መቅረት ይችላል። ብቻውን ማድረግ የማይችለው መነሣትን ነው። እርግጥ ይህ ሥርዓት ባለበት አገርም እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ባንዲራ የመሬቱን ነፋስ ሁሉ አይተነብይም፤ የሚያስቀረው ግን ሁሉም እያየው የሚገባበትን ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልማት ነው። ገና ያልተወለደን ሥራ በደንብ ብዛት ማነቅ ምን ይጠቅማል? የአካባቢው ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ መኪና ነጂው፣ ምግብ አብሳዩ፣ አስጎብኚው፣ መሬት ላይ ባሉን ተከታትሎ የሚያነሣው ቡድን ሁሉ እንጀራ ያገኛል። እውነት ነው። ይሁንና አንድ አደጋ ሥራውን ለአንድ ሳምንት አይደለም የሚዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከደረሰው የሉክሶር አደጋ በኋላ ግብፅ በረራውን ሁሉ አግዳ ነበር። አማራጭ ሰማይ የሌለው አንድ ባሉን ብቻ ያለው ወረዳ ከእንዲህ ያለ ስም አያገግምም። ነፋስ መለኪያና በማለዳ የሚለቀቅ ትንሽ የሂሊየም ፊኛ ከአንድ ባሉን ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ከምንም አይቆጠሩም፤ ውድ የሚሆነው መረጃውን በየቀኑ የሚወስድ ታማኝ ሰው ማቆየቱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተራ አንባቢ የሚሰማው ነው፤ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ በሚኒባስ መሄድስ ከባሉን ይሻላል ወይ? የአገራችን መንገድ የሚያስከፍለውን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ንጽጽሩ ግን አንድ ነገር ይረሳል። በሚኒባስ የሚሄደው ሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ ነውና ብዙ ጊዜ ምርጫ የለውም። ባሉን ላይ የሚወጣው ለደስታ ነው፤ ደስታው ነገ ይደርሳል። ሊቀር የሚችል አደጋ ነውና ተጠያቂነቱም ይበልጣል።

ከእነዚህ በተቃራኒ «ጭራሽ ይታገድ» የሚሉም አሉ። ይህኛው ቀላሉ መውጫ ነው፣ ነገር ግን የማሳይ ማራን የዓመታት ሥራ ማብራራት አይችልም። ዛሬ የታገደ ነገር ነገ በአንድ ባለሥልጣን ፈቃድ በድንገት ሲከፈት ደግሞ ዝግጁ ደንብ፣ ዝግጁ መረጃ፣ ዝግጁ ባለሙያ አይኖርም።

ከባሉኑ በፊት

ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ የሚጀምረው ባሉን በሌለበት ነው። ቡታጅራ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ አላት፤ የጣቢያ ልኬት ግን የመሬት ነፋስን እንጂ 300 ሜትር ላይ ያለውን አይነግርም። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የዞኑ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት አንድ ሙሉ በጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በሦስት ቦታዎች ማለትም በዘቢዳር ሥር፣ በቡታጅራና በእንሴኖ ሜዳ በየማለዳው ትንሽ ፊኛ ለቅቀው ነፋሱን በየከፍታው ቢመዘግቡ፣ ስንት ቀን እንደሚበረር ከግምት ወጥቶ ቁጥር ይሆናል። ባለሀብት ራሱ ሊፈልገው የሚገባ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ በዓመት 25 ማለዳ ብቻ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ባሉን ከገዛ በኋላ ከሚያውቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ፈቃዱ ሲመጣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከአብራሪው ብቃትና ከጤናው ማረጋገጫ ጋር ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛው፣ በየማለዳው ከድርጅቱ ደመወዝ የማይቀበል የአየር ሁኔታ ባለሙያ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ እርሱ ካልፈረመ ጋዙ አይለኮስም። ሁለተኛው፣ በረራ በአየር ጠባይ ከተሰረዘ የጎብኚው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት፣ ጎብኚው ቲኬት ሲገዛም በግልጽ የሚነገረው ደንብ ነው፤ ገንዘቡ እንደሚመለስለት የሚያውቅ ሰው አብራሪውን «ይኸው መጥተናል፣ እንዴት እንመለሳለን?» እያለ አይጫነውም። ሦስተኛው፣ የሽቦዎቹ ካርታና ከየቀበሌው ጋር የተደረገ የማረፊያና የካሳ ስምምነት ነው። ማሳው የተረገጠበት ገበሬ ለማን እንደሚያመለክት ባሉኑ ከመነሣቱ በፊት መታወቅ አለበት።

የመስቀል ሰሞንስ? እዚህ ላይ መለሳለስ የለበትም፤ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ በመስቃን ሰማይ ባሉን፣ የታሰረም ሆነ ያልታሰረ፣ ሊፈቀድ አይገባም። ለበዓሉ የሚመጣው ሰው ክትፎውን በልቶ፣ ሐረ ሸይጣንን ከዳር ቆሞ አይቶ፣ ጢያን ጎብኝቶ ይመለስ። ባሉኑን የፈለገ በጥር ይምጣ፤ ማደሪያ ሲይዝም አንድ ሌሊት ሳይሆን ሦስት ይያዝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ማለዳ ሊሰረዝ ይችላል። ይህ ደንብ ባለሆቴሉን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ሰው ከሚበዛበት ሳምንት ውጪ ሦስት አዳር ማለት ነውና። የሚጎዳው በአንድ የበዓል ሳምንት የዓመቱን ትርፍ ሊሰበስብ ያሰበውን ብቻ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው አካልም እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ገና ከዕቅዱ ለይቶ ሊመልሰው ይችላል።